የሸኹ ደርስና አንድ ጊጋ ሚሞሪ

ያ ኮምፒውተር የሱቄ የበኩር ልጅ ነው። ከዓረብ አገር ተመልሼ መካነ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ ያስገባሁት እሱን ነበር፤ ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረም። ጀርባው የወፈረ ስክሪን፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ሳጥን፣ ፊደሎቹ ከመነካት ብዛት የጠፉበት ኪቦርድ አለው። ሱቁ ጥቂት ጠና ሲል ሌላ ገዛሁና እሱን ወደ ቤት ወስጄ አባቴ የሚያስተምሩበት ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ጡረታ ይውጣ ብዬ ነበር። ዋናው ሥራው ግን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረሳ፣ ማለት ተማሪ፣ ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ለልጆቹ ቁርአን፣ ከሰዓት ለጎረምሶቹ ኪታብ ያስተምራሉ። እሳቸው ራሳቸው የተማሩት በወግዲ በኩል ከነበሩ አንድ ትልቅ ሸኽ ዘንድ ነው። እኒያ ሸኽ ኪታቡን በዓረብኛ ካነበቡ በኋላ ትርጉሙንና ምክሩን በአማርኛ ያወርዱት ነበር፤ ከአንዱ ባብ፣ ማለት ምዕራፍ፣ ወደ ሌላው ባብ፣ አንድ ቃል ሳይዛነፍ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደርሳቸው እሱ ነው። አልጻፉትም። በቴፕ እንዲቀረጽም አልፈቀዱም፤ ድምፄ ከእኔ ጋር ይሂድ፣ እናንተ ቃሉን ያዙት ብለው ነበር አሉ። ደረሶቻቸው ታዘዙና በቃላቸው ያዙት። ከዚያ ደረሶቹ አንድ በአንድ አለቁ።

የመጨረሻው የደርስ ጓደኛቸው የተቀበረ ቀን አባቴ ከቀብር ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆሙ። እንግዲህ እኔ ካለፍኩ የሸኹን ቃል የሚያውቅ ሰው የለም አሉኝ። እንደ ኀዘንተኛ አልነበረም የተናገሩት፤ ሰው የተሰበረ ጣሪያ አይቶ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት መጠገን አለበት እንደሚለው ነበር። ደርሱ መጻፍ አለበት፣ በአማርኛ ፊደልም መጻፍ አለበት አሉ። የዛሬ ልጆች የሚያነቡት እሱን ነው፤ ግማሾቹም ኪታቡን ሳይጨርሱ ወደ ጅዳና ወደ ቤሩት ይበታተናሉ። እኔንም እያዩ ነበር ይህን ሲሉ። እኔ ከቂርአት ተነስቼ የሄድኩት ገና አንድ ጁዝ፣ ከቁርአን ሠላሳ ክፍል አንዱን፣ ሳላጋምስ ነው።

ዓይናቸው ግን እየከዳቸው ነበር። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ተባልን። በብዕር ሲጽፉ መስመሩ መስመር ላይ ይወጣል። ስለዚህ ኪቦርድ አስተማርኳቸው። ከቁልፎቹ መሐል ሁለቱ ትንሽ ጉጥ አላቸው፤ ጣት እዚያ ላይ ካረፈ የቀረው ቦታው ይታወቃል። አባቴ ቁርአን በሐፈዙበት፣ በቃላቸው በያዙበት መንገድ ኪቦርዱን ሐፈዙት፤ ረድፉን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረዱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። እርስዎ ይበሉ እኔ ልጻፍ ብዬ ለምኜ ነበር። ኪታብ የሚገለብጥ እጅ ምንዳ አለው፣ ምንዳዬን ልትወስጂ ነው ወይ አሉኝ። አባቴ ሲከራከሩ ሁልጊዜ ከአኼራ፣ ከወዲያኛው ዓለም በኩል ስለሚመጡ ማሸነፍ አይቻልም።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ከአፍ ያልተሰማ በዓይን አይነበብም ይላሉ። ስለዚህ አንድ ባብ ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ገጹን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ሲጨርሱ ይጠሩኛል፤ እሳቸው ደርሱን በቃላቸው ይላሉ፣ እኔ በስክሪኑ እየተከተልኩ የሳቱትን አርማለሁ፣ ከዚያ ሱቅ ወስጄ አትማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ባቦች እንዲህ ሆነው አለቁ።

ከዚያ ማሽኑ ደከመ። አባቴ እየጻፉ ሳለ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዓይናቸው አያይምና መቆሙን አያውቁም፤ ጣታቸው ይቀጥላል፣ አፋቸው ይቀጥላል፣ የሚጻፍ ነገር ግን የለም። አንድ ቀን ጨረስኩ ብለው ሲጠሩኝ ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት የጻፉት ሁሉ አንድ መስመር ሆኖ አገኘሁት። ስነግራቸው አልተቆጡም፤ በእሳቸው ቦታ እኔ ተቆጣሁ። ሳጥኑን በእርግጫ ብዬዋለሁ። በማግስቱ ሲነሳ ድምፁ ብሶበት ነበር።

አብሮ አደጌ የሆነ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፣ ክርስቲያን ነው። አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ ገባ፤ እዚህ አገር ሰላምታ ሃይማኖት አይጠይቅም። ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን ነፋ፣ ውስጡን አየና ሚሞሪው አንድ ጊጋ ብቻ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለ። በእኛ ከተማ ፎርማት የማይፈውሰው በሽታ የለም። ኮምፒውተር ቀሰስ ካለ ፎርማት፣ ከጮኸ ፎርማት፣ ባለቤቱ ከሰለቸውም ፎርማት። አባቴ ቃሉን ሰምተው የሚያውቁት በዚሁ ትርጉም ነበር፤ መታከም ማለት ይመስላቸዋል። ግን ሰው ሳይጠይቁ አያልፉምና ፎርማት ምንድን ነው አሉት።

«ያለውን አጥፍቶ አዲስ ሲስተም መጫን ነው፣ አባ።»

አባቴ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። «ያለውን አጥፍቶ?» አሉ።

የተጻፈው ሁሉ ፍላሽ ላይ እንዳለ፣ የታተመውም ሱቅ ውስጥ እንዳለ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።

ምን ይጫን የሚለው ነገር ከዚያ በኋላ ቤታችንን ያዘው። ጠጋኙ በፍላሹ የያዘው አዲሱን ዊንዶውስ ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ቢበላሽ የሚጠግነው የማይጠፋ። ሱቄ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ አውቀዋለሁ፤ ያን አንድ ጊጋ ገና ሲነሳ ጠጥቶት ለአባቴ ደርስ የሚተርፍ ነገር የለውም። አሮጌውን ራሱን መልሶ መጫንም ይቻል ነበር። እሱ ግን ፍላሽ ባስገቡበት ቁጥር ቫይረስ ይለክፈዋል፤ ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው መመለስ ነው። ሚሞሪ ልጨምርለት ብዬ ደሴ ድረስ ሄጃለሁ። ሚኒባሱ አቀስታ ላይ ሰው እስኪሞላለት ሲቆም ብርዱ እግሬን እስኪያደነዝዘኝ ቆይቼ፣ ደሴ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ የዚህ ዓይነት አሁን የለም ሲሉኝ ዋልኩ። አንዱ ዘንድ የተገኘው ደግሞ ቤት አምጥቼ ብሰካው ማሽኑ አልቀበልም ብሎ ጮኸ። አባቴ ድምፁን ሰምተው ምን ሆነ ቢሉኝ፣ ሚሞሪ አልገባ አለው አልኳቸው። እሱም እንደ ደረሶቼ ነው ብለው ሳቁ።

የቀረው ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሲስተም ነበር። ዓረብ አገር ሳለሁ አሠሪዎቼ ሊጥሉት ያለውን ላፕቶፕ አንስቼ ነፍስ የዘራሁበት በሱ ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለመድኩትም በዚያው ነው። ከዓይነቶቹ መሐል እጅግ የቀለለውን መረጥኩ። ጠጋኙ አልወደደውም። አንቺ ከታመምሽ ማን ይነካዋል፣ እዚህ አገር የሚያውቀው የለም አለ። እውነቱን ነው። አባቴ ክርክራችንን ሲሰሙ ቆይተው በአማርኛ አስረዱኝ አሉ።

«አንዱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ የሚበላው ግን ብዙ ነው። ሌላውን የሚያውቀው ሰው የለም፣ ግን በትንሽ ያድራል» አልኳቸው።

አባቴ ትንሽ አሰቡና በትንሽ የሚያድር ደረሳ ይሻላል አሉ። ቢሆንም ኢስቲኻራ፣ አላህ የሚሻለውን እንዲያመላክት የሚደረገውን ሶላት፣ ሳላደርግ አልወስንም ብለው አሳደሩኝ። ኢስቲኻራ ለጋብቻና ለመንገድ ነው እንጂ ለኮምፒውተር ነው ወይ አልኩ፣ በቁጣ። ለጫማ ማሰሪያም አላህ ይለመናል አሉኝ። ጠዋት ከሱብሒ በኋላ በሬን አንኳኩተው ቀላሉ ይሁን አሉ።

ሐሙስ ደረሳ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ክፍሉ ባዶ ነበር። አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። ከሲስተሙ ላይም ቢሆን የማያስፈልገውን ሁሉ ቀነስኩለት፤ ሥዕል የለው፣ ጨዋታ የለው፣ ሲበራ የአባቴን ገጽ ብቻ ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። የአማርኛ መጻፊያም አስገባሁለት። አንድ መስመር ጽፌ ሞከርኩት፤ ጣቴ ሲስት ዓይኔ እያየ ያርመዋልና ምንም አልታወቀኝም። ከዚያ አባቴን አስቀመጥኳቸውና ይሞክሩት አልኩ።

ነገር የሚጀመረው በምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጉጦቹን ፈልገው ጣታቸውን አሳረፉና «ቢስሚላህ» ብለው ጻፉ። ስክሪኑ ላይ ቢስሚላህ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልጎደለው። ልክ ነው አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉና እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። ማሽኑ ቆሞ አያውቅም። ከሱቅ ስመለስ የቁልፎቹን ድምፅ ከደጅ እሰማለሁ፤ ሰውዬው ለራሳቸው ሲያወሩ፣ ቁልፎቹ ሲከተሏቸው። የጀመሩት ረጅሙን ባብ ነበር፣ የሙሲባን ባብ፤ ሰው ላይ መከራና ሞት ሲወርድ ምን ማለት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ሸኹ የተናገሩበትን። ክረምት ሲገባ መብራት ጠፋና ጠፍቶ ከረመ። ኮምፒውተሩን አሮጌ ጋቢ አለበስነው። አባቴ ሌላውን ባብ ለደረሶቻቸው እያወረዱ ቆዩ። የሙሲባው ግን ተጽፏል ብለው ተዉት፤ ሁለት መስመር ብቻ ነበር የቀረው። መስከረም አልፎ መብራቱ ሲመለስ ያን ጨርሰው ነይ ስሚኝ አሉኝ።

ገጹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ስው ንግሩን ልጌታው ክስጥ ቅልልው።»

ወደ ታች ወረድኩ። ገጹ ሁሉ፣ ባቡ ሁሉ እንዲሁ ነው። አባቴ ቀና ብለው ይጠብቃሉ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ቁጭ ብዬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከነካሁ በኋላ ነው። በአሮጌው መጻፊያ አንድ ፊደል ብቻውን ሲነካ ግዕዙ ይወጣል፤ ሰ ለማለት አንዴ መንካት ይበቃል። ሳድሱን፣ ስን፣ ሲፈልጉ አንዲት ሌላ ቁልፍ ያስከትላሉ። አዲሱ የሚሠራው ግን በተገላቢጦሽ ነው። ብቻውን ሲነካ የሚወጣው ሳድሱ ነው፤ ያቺን የምትከተለዋን ቁልፍ ደግሞ ምንም ሳይል ይውጣታል። ስለዚህ አባቴ ሰ ቢሉም ስ፣ ስ ቢሉም ስ ይጻፋል። ግዕዝና ሳድስ አንድ ሆኑ። ሌላው ድምፅ ሁሉ እንዳለ አለ። ዓይናቸው አላየም፤ እኔ ደግሞ እንዳላይ ተከልክያለሁ። የሞከርንበት ቃልስ? ቢ፣ ስ፣ ሚ፣ ላ፣ ህ። አንዲት ግዕዝ የለችበትም። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን ጽፎ ይሞክር ነበር፣ ወይም ሰላም ብሎ። እኛ ቤት ግን በሌላ ቃል የሚጀመር ነገር የለም።

ነገሩን ለአባቴ አስረዳኋቸው። ከዚያ በዓረብኛ አሰቡት። ዓረብኛ ሐረካ አለው፤ ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብ የሚነግር ከላይና ከታች የሚደረግ ምልክት። ፊደሉን እንደ ግዕዝ የሚያስነብበው ፈትሓ፣ ድምፅ የሌለው ፊደል ምልክት ደግሞ ሱኩን ይባላል።

«ፈትሓው ሁሉ ሱኩን ሆነ በይኛ» አሉ።

ያለ ሐረካም ኪታብ ይነበባል፣ ትልልቆቹ ያነቡታል አልኳቸው፣ ላጽናና ብዬ። የሚያነበው የሚያውቅ ሰው ነው፣ እኔ የምጽፈው ግን ለማያውቅ ነበር አሉኝ።

ቢሆንም የከፋ አልመሰለንም። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ አርማለሁ፤ ከድሮው የሚለየው የሚታረመው መብዛቱ ነው። ጀመርን። ክስጥ ቅልልው ብዬ እንዳለ ሳነበው አባቴ ኮልታፋ ሸኽ አደረግሻቸው ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቃሉ አብዛኛው ግልጽ ነው፤ ንግር ነገር ነው፣ ልስው ለሰው ነው፣ ማንም አይስተውም። እኔም ጣቴ ፈጥኖ ነበር። ከባቡ ወገብ በታች እስክንደርስ ድረስ አንድም ቦታ አልቆምንም።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይህ ነበር፦ «ስው ስው ይሚሆንው ልቡ ስብር ሲል ንው።»

አባቴ «ሰው ሰው የሚሆነው ልቡ» አሉና ቆሙ።

ጠበቅኳቸው። ወደ ኋላ ጥቂት መስመር ተመለሱና እንደገና መጡ፤ ቃል የሐፈዘ ሰው ሲጠፋው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ወንዝ ሊዘል እንዳለ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ይንደረደራል። እዚያው ደርሰው ቆሙ። ከባቡ መጀመሪያ ጀምረው መጡ። አሁንም ቆሙ።

«እዚያ ምን ይላል?» አሉኝ።

አባቴ የደርስ ቃል ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ስብር ሲል ይላል። ግን አባ፣ ሰብር ሲልም ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አይለየውም።»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ልቡ ስብር ሲል ማለት ልቡ ሲሰበር ነው። ልቡ ሰብር ሲል ማለት ደግሞ ልቡ ትዕግሥትን ሲይዝ፣ ከአላህ የመጣውን ሲቀበል ነው። በአንዱ ሰው የሚሆነው የተሰበረ ነው፣ በሌላው ሰው የሚሆነው የቻለ ነው። ሁለቱም ለባቡ ይሆናሉ። ሁለቱም ከሸኹ አፍ ቢወጡ የሚያምሩ ናቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታያቸው።

«እሱ ያዘው ብዬ ለቀቅኩት» አሉ። «ስጽፈው አውቀው ነበር። ጽፌ ስጨርስ አደራዬን ሰጠሁ አልኩና ለቀቅኩት። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አላልኩትም።»

የተባለበትን ቀን ግን ያስታውሱት ነበር። የሸኹን ልጅ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሳለ ንዳድ ገደለው። ሸኹ ቀብረውት በመጡ ቀን ለደርስ ተቀመጡ፣ ደረሶቹ ዛሬ ይረፉ ቢሏቸውም እምቢ ብለው። ያን መስመር ያን ቀን ተናገሩት፤ ከዚያ ወዲያ ከባቡ ወጥቶ አያውቅም። አባቴ የተቀመጡበትን ቦታ፣ የሸኹን እጅ፣ ሜዳው ላይ የታሰረችውን በቅሎ ሳይቀር ነገሩኝ። አንዲቱን ፊደል ብቻ አጡ።

«አልቅሰው ነበር ወይ?» አልኳቸው።

«አልቅሰዋል።»

«ሰብርስ?»

«ሰብርም አድርገዋል።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ስብር እንዲሆን ፈለግኩ። እናቴ ስትሞት ዓረብ አገር ነበርኩ። ወረቀቴ አሠሪዬ እጅ ስለነበር መምጣት አልቻልኩም። ከዚህ የደወለ ሁሉ ሰብር አድርጊ አለኝ፤ አባቴም፣ አክስቶቼም፣ ጎረቤቶቻችንም። የአሠሪዬን ልጅ እያጠብኩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እሺ እላለሁ። እኔ ያን ጊዜ ስብር ብያለሁ፣ የጠየቀኝም የለም። ያ ቃል በዚያ ትልቅ ሰው ደርስ ውስጥ ቢኖር ለእኔ ነበር የሚሆነው። ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ከመጣሁ ጀምሮ ተናግሬው አላውቅም ነበር። አሁን ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፣ የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ፣ ልጻፈው አልኳቸው።

አባቴ እጃቸውን ሰደው እጄን ፈለጉ፤ መጀመሪያ ያገኙት ኪቦርዱን ነበር፣ ከዚያ እኔን።

«ለአንቺ ስብር ይሆናል። ለእኔ ሰብር ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። እሳቸው ያሉት ግን አንዱን ነው፣ ልጄ። ባዶ ተይው።»

ተቆጣሁ። ለአንዲት ፊደል ተብሎ እንዴት ባቡ ይበሳል፣ የሚያነብ ሰው ቀለም አልቆ ነው ይላል እንጂ ምን ይገባዋል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። አላውቅም ማለት የዒልም፣ የዕውቀት ግማሽ ነው፣ ግማሹን ደግሞ አሁን አታስጥይኝ አሉ። ቃሉን አጠፋሁና በቦታው ክፍት ተውኩ። ያን ቀን ሌላ መስመር አላረምንም።

በማግስቱ መጻፊያውን በአባቴ ጣት ልክ አስተካከልኩት፤ ነገሩ ሲታወቅ ቀላል ነበር፣ ከሱቅ መልስ አንድ ከሰዓት አልፈጀም። አሁን እንደ ልብዎ ይጻፉ አልኳቸው። እጽፋለሁ አሉ፣ መጀመሪያ ግን ማሽኑን አጥፊውና እዚህ ቁጭ በይ። የሚቀመጡበትን ሳይሆን ደረሳ የሚቀመጥበትን ቁርበት ነበር የሚያሳዩኝ። እኔ የሱቅ ባለቤት ነኝ፣ ፀጉሬ ሽበት ጀምሯል። ቁጭ አልኩ።

ከመጀመሪያው ባብ ጀመሩልኝ። አንድ መስመር ይላሉ፣ እላለሁ። ከተሳሳትኩ ደግሞ ይላሉ። ልክ ሲሆን እለፊ ይሉኛል፤ እለፊ ሳይባል አይታለፍም። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቴ እንደ አሮጌው ሲስተም ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። አንቺስ ስንት ጊጋ ነሽ ብለው ቀለዱብኝ። ከዐስር በኋላ ሱቁን እየዘጋሁ መምጣት ለመድኩ። እሳቸው ጠዋት ይጽፋሉ፣ ከዐስር በኋላ የጻፉትን ለእኔ ያወርዱታል፣ ከዚያ ወዲያ የጻፉትንም አልለቀቁም። አንዳንድ ቀን እኔ ስል እሳቸው ዝም ብለው ይሰሙኛል። ዓይናቸው ፈጽሞ ሲጠፋም ይህ አልተቋረጠም።

አባቴ ያለፉት ጥቂት ባብ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። በአፋቸው ግን ጨርሰውልኛል። የመጨረሻውን ባብ የመጨረሻ መስመር ካልኩላቸው በኋላ እለፊ አሉኝ፣ የሚታለፍበት ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እያወቅን። ከዚያ በኋላ የቆዩት ጥቂት ጊዜ ነው።

የቀረውን አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በዚያው ማሽን። ሌላ ኮምፒውተር አጥቼ አይደለም፤ መጻፊያው በእሳቸው ጣት ልክ የተሠራ ስለሆነ የእኔ ጣት ነው የተማረለት። የጻፍኩትን እኔም እንዳልለቀው እፈራለሁና አንድ ባብ ስጨርስ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ ጎረቤት ብቻዋን ታወራለች ቢል ይበል። የሙሲባን ባብ ስል ክፍቱ ቦታ ላይ ስደርስ አፌ ዝም ይላል፣ ታዞ ነው። ልቤ ግን አይታዘዝም። አንዳንድ ቀን ስብር ይላል፣ አንዳንድ ቀን ሰብር ይላል። አባቴ የተቀበሩ ቀን ሁለቱንም አለ።